ፔቲሽን የማስከልከል ጥበብ

ውድ ሥራ አስኪያጅ፤ የአዲስ አበባው ድርጅትዎ ሜሪላንድ ላይ ኩባንያ ከፍቷል፤ ያ ኩባንያ ደግሞ በኢቢ-1ሲ፣ ማለትም ለዓለም አቀፍ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች በተከፈተው መንገድ፣ ግሪን ካርድ ሊጠይቅልዎ አይ-140 የተባለውን የማመልከቻ ቅጽ (ፔቲሽን) እየሞላ ነው እንበል። እንኳን ደስ አለዎት! ጥያቄው ያለ ብዙ ድካም ውድቅ እንዲሆን ምክሬን ይስሙ።

ከሁሉ በፊት ታታሪነትዎን አይደብቁ። ጠዋት ሱቁን የሚከፍቱት፣ ዕቃ የሚያራግፉት፣ ደረሰኝ የሚቆርጡት፣ ደንበኛ የሚያባብሉት እርስዎ ነዎት፤ በኩራት ይጻፉት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አለቃ ይመረቃል። የአሜሪካ ሕግ ግን ልበ ደረቅ ነው፤ የቀን ሥራው በአብዛኛው መሸጥ የሆነውን ሰው ሻጭ እንጂ ሥራ አስኪያጅ አይለውም። ሦስት ገንዘብ ተቀባይ መቆጣጠርም አያድንም። ከሥርዎ ባለሙያ፣ ኃላፊ ወይም ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ ያ ከሌለ የድርጅቱን አንድ ዋና ዘርፍ ከላይ ሆነው መምራትዎን ያሳዩ ይላል።

ታታሪነቱ ካላማረዎት ደግሞ ዝምተኛ ይሁኑ። «ፖሊሲ ያወጣል፣ ግብ ይተልማል፣ ያስተባብራል» ብለው የሕጉን ቃል ገልብጠው ጥያቄዎን ለሚያየው የኢሚግሬሽን መርማሪ ይላኩለት። ማንን እንደሚያስተባብሩ፣ ከሳምንቱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድብዎ አይንገሩት። ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ ሲልዎ ያንኑ ደብዳቤ ቀኑን ቀይረው ይመልሱለት።

የመዋቅሩን ሥዕል ሲሠሩ አይሰስቱ። ባለቤትዎን የፋይናንስ ዳይሬክተር፣ የእህትዎን ልጅ የኦፕሬሽን ኃላፊ ያድርጓቸው፤ ከሥራቸውም አምስት ሳጥን ይሣሉ። ከዚያ በዚያው ፖስታ ፎርም 941ን፣ ማለትም በየሩብ ዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚገባውን የደመወዝ ማስታወቂያ፣ አያይዙ። እሱ ላይ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ይታያል። መርማሪው መቁጠር ይችላል። «በሚቀጥለው ዓመት እንቀጥራለን» ብለው ቢጨምሩ ደግሞ ነገሩ ያምራል፤ የሚታየው ማመልከቻው በገባበት ቀን ያለው ነውና።

ስለ ባለቤትነቱ አይጨነቁ። የሁለቱ ድርጅቶች ስም አንድ ነው፣ ባለአክሲዮኖቹም ወዳጆች ናቸው፤ የአክሲዮን መዝገብ ምን ያደርጋል? መርማሪው የሚፈልገው ግን እናት ኩባንያና ልጅ ኩባንያ መሆናቸውን ወይም ሁለቱንም የሚቆጣጠር አንድ ባለቤት መኖሩን ነው።

የሥራ አስኪያጆች ጊዜያዊ ቪዛ የሆነውን ኤል-1ኤን አግኝተው ከሆነም ይህኛው የት ይቀራል ብለው ይተኙ። ኤል-1ኤ ገና ለሚከፈት ቢሮም ይሰጣል፤ ኢቢ-1ሲ ግን የአሜሪካው ኩባንያ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ሲሠራ መቆየቱን ይጠይቃል። ወጪ ለመቀነስም የአዲስ አበባውን ቢሮ ቶሎ ይዝጉት። ቢያንስ በሁለት አገር የማይነግድ ኩባንያ ዓለም አቀፍ አይባልምና መርማሪውን ከብዙ ንባብ ይገላግሉታል።

የክልከላው ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ይግባኝ ማስገቢያው 30 ቀን ነው፤ ውሳኔው በፖስታ ከተላከ 33። ጠበቃ ዘንድ የሚሄዱት በ34ኛው ቀን ይሁን።