ድርሳን በእንተ ጠባብ ዲስክ

ሊቃውንት ስለ አራቱ ባሕርያት አትተዋል፤ ስለ ሰማያት ብዛትና ስለ ዘመናት ቀመር ብራና ፍቀው ጽፈዋል። 32 ጊጋ ባይት ስለምትይዝ ላፕቶፕ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ይህን ታላቅ ክፍተት ለመሙላት (ክፍተት የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ አጥብቀን እንፈልጋታለን) እኛ፣ የዚህ ድርሳን ጸሐፊ፣ ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት አንዲት ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠን፣ ሁለት የኢንተርኔት ጥቅልና ያልቆጠርነው ጀበና ቡና ጨርሰን፣ እነሆ ወደ አደባባይ ወጥተናል።

የጥናታችን ርእስ መዝገበ ቃላቱ «ስርዓተ ክወና»፣ ላፕቶፕ ጠጋኙ ደግሞ ባጭሩ «ዊንዶው» የሚለው ነገር ነው። ይኸውም አሮጌው ዊንዶው ሳይጠፋ፣ ፋይል ሳይነካ፣ አዲሱ እንዴት በላዩ ይጫናል የሚል ነው። ጥናቱ ገና ሳይጀመር የእህታችን ልጅ በበሩ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ በቃ!» ብሎን ነበር። አስተያየቱ ሥነ ዘዴ የጎደለው ሆኖ ስላገኘነው አልመዘገብነውም።

የጥናቱ ተገዢ ከዱባይ በሰው እጅ የመጣች ትንሽ ላፕቶፕ ናት። ሚሞሪዋ 4 ጊጋ ነው። ማከማቻዋ 32 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ከማዘርቦርዱ ጋር በብየዳ ስለተያያዘ «አውጥተን ትልቅ እንግጠምላት» አይባልም፤ የተፈጠረችበትን ይዛ ትኖራለች። ስትመጣ የዊንዶውስ 10ን ሥሪት 1809 ይዛ ነበር። ልናደርሳት የፈለግነው የዚያው የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ ሥሪት ወደሆነው 22ኤች2 ነው። ለምን ቢሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ደግሞ የሚሰጠው 22ኤች2 ላይ ላለ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ለምን ወደ ዊንዶውስ 11 አልዘለላችሁም የሚለን ቢኖር፣ እሱ ከሌላው መስፈርት ጋር ቢያንስ 64 ጊጋ ማከማቻ ይጠይቃል። እጥፍ ነው። ይህን ጥያቄ በዚሁ ዘግተነዋል።

ምዕራፍ ፩። ስለ ቁና

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እዚህ ግን ሰፋሪው በአንድ ቁና ሰፍሮ ሲሸጥ፣ ተቀባዩ በሌላ ቁና ይሰፍራል። ለፋብሪካው አንድ ጊጋ ማለት 1,000,000,000 ባይት ነው። ለዊንዶውስ 1,073,741,824 ባይት ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ 32 የተባለው፣ ሲከፈት 29.8 ይሆናል። የጎደለውን የሰረቀ የለም፤ እህሉ ያው እህል ነው፣ የተለየው ቁናው ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 እንደሚመጡ ያስተምራሉ። እኛም ይህን መሠረት አድርገን የዲስኩን አበቅቴ ለማውጣት አንድ ሙሉ ከሰዓት ደክመናል። ውጤቱ 30 እንኳ አልሞላ አለን። ከዚህም ላይ ኮምፒውተሩ የሚነሳበትና ሲታመም የሚታከምበት ድብቅ ክፍልፋይ ድርሻውን ሲያነሳ፣ «ሲ ድራይቭ» ላይ ለዓይን የቀረው 28.9 ጊጋ ነው።

ነገሩን ከታሪክ አንጻር ያየ ሰው ግን ሊያማርር አይገባውም። በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ራማክ በተባለው ኮምፒውተሩ ለዓለም ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህን ተደራርቦበት፣ ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ዛሬ በስልክ የተነሳ አንድ የሠርግ ፎቶ ሊሞላው ይችላል። ኮምፒውተሩ በወር 3,200 ዶላር ይከራይ ነበር። ኪራይ የምትለዋን ቃልም አንባቢ ይያዝልን።

ምዕራፍ ፪። ስለ አከራይና ስለ ሁለት ተከራይ

ብዙው ሕዝብ ዊንዶው ሲቀየር አሮጌው ወጥቶ አዲሱ የሚገባ ይመስለዋል። ስሕተት ነው፤ የድርሳናችንም ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ታሽጎ ከ4 ጊጋ በላይ ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ እሽጉ የሚፈታበት ስፍራ ይፈልጋል። የሚፈታውም ስሙ በዶላር ምልክት በሚጀምር ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። (አገር ሁሉ ዶላር ሲፈልግ እኛ ሲ ድራይቭ ላይ አግኝተን ለአንዲት ደቂቃ ልባችን ደንግጦ እንደነበር አንደብቅም።) እሽጉ ሲፈታም አሮጌው አይወጣም። ዕቃውን ሸክፎ «ዊንዶውስ ኦልድ» ወደሚባል ጓዳ ይገባና አዲሱ ያልተስማማን እንደሆነ ተመልሶ ሊገባ 10 ቀን ይጠብቃል።

አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አዲሱ ተከራይ አልጋና ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ አምጥቶ ደጅ አራግፏል፤ አሮጌው ገና ሽሮውን ጥዶ ኩርሲ ላይ ተቀምጧል፤ አከራይዋ «ለአሥር ቀን ተቻቻሉ» ብለው በራቸውን ዘግተዋል። ሦስት መኝታ ቤት ባለው ግቢ ይህ ችግር አይደለም። 500 ጊጋ ያለው ሰው አሮጌና አዲሱ አንድ ላይ ማደራቸውን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። በእኛ 28.9 ጊጋ ላይ ግን ዊንዶውስ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይዞ፣ የቀረውን ሰነድና ፕሮግራም ተጋርቶት፣ ክፍት የቀረው 3.2 ጊጋ ነው።

ማይክሮሶፍትም ይህን አልሳተም። ለ64 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ቢያንስ 20 ጊጋ ይበቃል ሲል ቆይቶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሥሪት 1903 ጀምሮ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ዝቅተኛውን ወደ 32 ከፍ አደረገው። እኛ ጠባብ የምንላት ላፕቶፕ ስትሠራ ሰፊ ነበረች።

ምዕራፍ ፫። ንባብና ትርጓሜ

ማሻሻያውን ስናስጀምር በሰማያዊ መስኮት ላይ የታየው ንባብ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዊንዶውስ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል» የሚል ነው። ይህን ንባብ ያለ አንድምታ ማለፍ የንባቡን ባለቤት መናቅ ነው።

ቦታ አለ፤ ሲ ድራይቭን ሲል ነው። በላፕቶፗ ላይ የተሰካው ሜሞሪ ካርድ 64 ጊጋ ባዶ አይደለምን ቢሉ፣ በዚያ ያለው ለዚህ አይቆጠርም። አንድም፣ ቦታ አለ፤ ጸጥታን ሲል ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ። ይህን ሁለተኛውን ያወጣነው እኛ ነን። ተጨማሪ አለ፤ ለጊዜው ሲል ነው፤ ከ10 ቀን በኋላ አብዛኛውን ይመልሳልና። አንድም፣ እስካሁን የሰጣችሁኝ አልበቃኝም ሲል ነው። ይፈልጋል አለ፤ ይለምናል ማለት ነውን ቢሉ፣ አይደለም፤ ያዛል። ለማኝ ቢሆን ኖሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ይል ነበር። የሚለው ግን «እንደገና ሞክር» ብቻ ነው።

ምዕራፍ ፬። ስለ ሪሳይክል ቢን

ባዶ ያድርጉት።

ምዕራፍ ፭። ስለ ቴሌግራም

ይህ ምዕራፍ ራሱን ችሎ መጽሐፍ ሊሆን በተገባው ነበር።

ኢትዮጵያዊ ላፕቶፕ የሚታመመው በቫይረስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ በቴሌግራም ነው እንላለን። በኮምፒውተር የሚጫነው ቴሌግራም ያወረደውን ሁሉ «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ፈጥሮ ያስቀምጣል። ይህን ፎልደር ስንከፍት ላፕቶፗ አንድ ደቂቃ ያህል አሰበች። ከዚያ የዘመናችን ቤተ መዛግብት ተዘረጋልን። የስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ ጥያቄ። የእድር ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ፣ አንድ ገጹ የተዘቀዘቀ። የማናውቀው ሰው የመኪና ሽያጭ ውል። የአማቻችን ቤት ካርታ። «የመጨረሻ» የሚል የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ፣ ከአጠገቡ «የመጨረሻ ሁለት»፣ ከእሱም ቀጥሎ «እውነተኛው የመጨረሻ»። የአንድ ዘመድ የአርባ ቀን ተዝካር ቪዲዮ፣ 2.3 ጊጋ፤ ሰባት ደቂቃው ወጥ የሚያማስሉ ሴቶች፣ ቀሪው ድንኳን።

አንድ ፋይል በተለይ አስተያየት ይሻል። በ2012 ዓ.ም. የወረደ የጸሎት መጽሐፍ ሲሆን አንድ ጊዜ በዋናው ስሙ፣ ከዚያ በቅንፍ 2፣ በቅንፍ 3፣ በቅንፍ 4 ተብሎ ተቀምጧል። አራቱም አንድ ናቸው። አውራጁ የት እንዳስቀመጠው በረሳ ቁጥር እንደገና ያወርደዋል። አራቱም ተከፍተው አያውቁም።

ቴሌግራም ከዚህ ሌላ ያየነውን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ለራሱ በጎታ የሚያኖርበት ካሽ የሚባል ነገር አለው። ፎልደሩን አጽድተን ጨረስን ያለ ሰው ይህን ረስቷል። የሚጸዳው ከራሱ ከቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ነው፤ ሲጸዳም መልእክቱ አይጠፋም፣ ደመናው ላይ አለና። እኛ ከፎልደሩ 4.1፣ ከካሹ 1.8 ጊጋ አስለቅቀናል። ተዝካሩን አላጠፋነውም፤ ወደ ሜሞሪ ካርዱ ወሰድነው። ነውር ነው።

ምዕራፍ ፮። ስለ ድብቆቹ

ላፕቶፗ ስትተኛ በአእምሮዋ የነበረውን የምትጽፍበት «ሃይበርፊል» የሚባል ፋይል አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሪውን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ በ4 ጊጋ 1.6 ጊጋ መሆኑ ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት እንደ አስተዳዳሪ ከፍቶ ሃይበርኔሽንን ማጥፋት ይቻላል። ያኔ ፋይሉ ወዲያው ይጠፋል። ኮምፒውተሩን ፈጥኖ የሚያስነሳው ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ይጠፋል፤ ቡና እስኪፈላ የማይቸኩል ሰው አይጎዳም።

ሁለተኛው ድብቅ «ዊንኤስኤክስኤስ» ነው። መጠኑን ያየ ሰው ደንግጦ ሊሰርዘው ይነሣል። እጅዎን ይሰብስቡ! በውስጡ ያለው ብዙው ፋይል ሌላ ቦታም የሚታየው ያው ራሱ ፋይል ነው። አንድ ሰው በክርስትና ስሙና በዓለም ስሙ ሁለት መዝገብ ላይ ቢጻፍ ሁለት ሰው እንደማይሆን ማለት ነው። ስለዚህ ከሚታየው መጠን ያነሰ ነው የሚይዘው፤ በእጅ የነካውም ሰው ዊንዶውሱን ያፈርሳል። ማጽዳቱን ለ«ዲስክ ክሊንአፕ» ይተዉለት። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ሲከፈት ፍርፋሪ ነው የሚያሳየው። «ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ» የምትለዋ ቁልፍ ካልተጫነች ትልቁ ቆሻሻ፣ ማለትም የአሮጌ ማሻሻያ ቅሪት፣ አይታይም። ይህችን ቁልፍ ለማግኘት እኛ ሁለተኛውን ሌሊት ሰውተናል።

ምዕራፍ ፯። ስለ ፍላሽ፣ ወይም ዕቃን ጎረቤት ስለማሳደር

በዚህ ሁሉ ድካም 9 ጊጋ ያህል ክፍት አገኘን። ዊንዶውስ አሁንም «ተጨማሪ ቦታ» አለ። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ከዚያው መስኮት ግርጌ ያለውን ንባብ አየነው። ቢያንስ 10 ጊጋ ባዶ ያለው ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ቢሰካለት በእሱ እየተረዳ ሊጫን እንደሚችል ይናገራል። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደዘጋነው ለመቁጠር አልፈለግንም።

የቤቱ ችግር በዚህ ተፈታ። ትርፉ ዕቃ ጎረቤት ያድራል። የእህታችንን ልጅ 16 ጊጋ ፍላሽ ተዋስን። «ጋሼ፣ ፎርማት ቢደረግ ኖሮ እስካሁን አልቆ ነበር» አለን። ፍላሹን ሰካን፤ ቻርጀሩን ሰካን፤ መብራት እንዳይሄድ ተሳልን። 30 በመቶ። ዳግም መነሣት። 61 በመቶ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆመች፤ የጠፋች መስሎን ጆሯችንን አስጠግተን ብንሰማ ድምፅ የለም። (ኢኤምኤምሲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ድምፅ እንደማይኖረው ያስታወስነው ቆይተን ነው።) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የታወቀው ገጽ መጣ፤ ሥሪቱም 22ኤች2 ይላል። «ቤት ለእንቦሳ!» አልናት። ቤተሰቡ ተኝቶ ስለነበር «እንቦሳ እሰሩ» የሚለን አልተገኘም።

በማግሥቱ የእህታችንን ልጅ አስቀምጠን አጥብቀን አስጠነቀቅነው። አዲሱ ሥሪት ያልተስማማን እንደሆነ በ10 ቀን ውስጥ ወደ አሮጌው ለመመለስ የሚያስፈልገው ፋይል ያለው በፍላሹ ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ አሥረኛው ቀን ማንም እንዳይነካው፣ ለማንም እንዳይሰጠው፣ ይዘቱም እንዳይጎበኝ። «እሺ ጋሼ» አለ።

በአራተኛው ቀን ፊልም ሊያስጭን ፍላሹን ይዞ ወጣ። ፎርማት አደረገው።