በትርፍ አምራች ወረዳ ድሃ መሆንን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የሜጫ፣ የቡሬ፣ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ሆይ! አገርህ በቆሎና ጤፍ የሚታፈስበት፣ ለሌላውም የሚተርፍ መሆኑ በመረጋገጡ፤ የድሃ ወረዳዎች መደገፊያ የሆነው ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከመዝገቡ ውጭ የቀረኸውም በዚሁ ክብርህ ምክንያት በመሆኑ፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንዳንዶች ያለ ፈቃድ እየደኸዩ የወረዳውን አማካይ ምርት ሲያወርዱ በመገኘታቸው የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ። «ድሃ» ማለት በድሃ ወረዳ የሚኖር ሰው ነው። በትርፍ አምራች ወረዳ እየኖረ ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው «ትርፍ አምራች» ይባላል።

አንቀጽ 2፦ መደኸየት ግድ የሆነበት ሰው ወደ ዋግ ኽምራ ወይም ወደ ላይ ጋይንት ሄዶ ይደኽይ። እዚያ የሴፍቲኔት መዝገብ ከገባ፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እርከን ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አቅም የሌለውም ሳይሠራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። እዚህ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ግን በነፃ ነው። አካፋው ያው፣ ድንጋዩም ያው። (አርቃቂውን እዚህ ላይ ሳል ይዞት ነበር።)

አንቀጽ 3፦ ዘግይቶ መወለድ። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸነሸን ያልተወለደ ወጣት መሬት ቢያጣ ጥፋቱ የራሱ ነው። በሬ አጥታ ማሳዋን ለእኩል የሰጠች ባልቴት ደግሞ ግማሹን ብቻ ብትወስድም፣ በሪፖርት ሙሉውን እንዳመረተች ትቆጠራለች።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቆጋ ግድብ። «ውሃ ተገድቦልህ ምን ጎደለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የተከለከለ ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብና 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታቀደ መስኖ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ተሠርቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ውሃም እንደ ሰው ነው፤ የቅርብ ዘመዱን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከቦዩ ራስ ያለው በቀን ያጠጣል። ከቦዩ ጭራ ያለው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ባትሪውን ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ደርሶ ቦዩ ቢደርቅበትም አይከራከር፤ ሪፖርት ላይ «ጠጥቷል» የተባለ ማሳ ሊጠማ አይችልም። ስንዴው ቢጠወልግ ስንዴው ይመከር። እርሻው ከግድቡ ውሃ ሥር የቀረበት ሰው ዓሣ አስጋሪ ተብሎ እንዲመዘገብ ተፈቅዷል።

አንቀጽ 5፦ ሞዴል አርሶ አደር በየቀበሌው አንድ ነው፤ ዘንድሮም እንደ አምናው ያው ሰው ነው። ምርጥ ዘሩ እሱ ዘንድ፣ ሥልጠናው እሱ ዘንድ፣ እንግዳው እሱ ደጅ። ጎብኚ መንገድ ተሳስቶ ጎረቤቱ ቤት ቢገባና የምጣዱን መቀዝቀዝ ቢያይ፣ በሕግ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው።

አንቀጽ 6፦ ተጠያቂነት። ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዕዳው፣ ከስብሰባ ስለ መቅረቱ፣ ስለ ዝናቡም ጭምር ይጠየቃል። ከገበሬ በላይ ያለ ሰው አይጠየቅም፤ ይገመገማል። ሂሱን ውጦ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ እዚያም እንደ አዲስ ሰው በጭብጨባ ይቀበሉታል።

አንቀጽ 7፦ ቅሬታ። ቅር የተሰኘ ሁሉ አቤቱታውን በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ ለቅሬታ ሰሚው ያቀርባል። ቅሬታ ሰሚው የዘሩንና የሥልጠናውን ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ያዘጋጀው ሰው ራሱ ነው፤ ጉዳዩን ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና። ቢሮው ዘወትር ክፍት ነው። ዛሬ ስብሰባ ሄዷል።