«ገና አልጨረስኩትም፤ ነገር ግን…»፦ ስለ ከባድ ልብወለድ ጥቆማና ውይይት የቀረበ ጥናት

ከባድ ልብወለድ ምንድን ነው? ሊቃውንት በትርጉሙ እስኪስማሙ ድረስ ይህ ጥናት የሚከተለውን ጊዜያዊ ብያኔ ይዞ ይነሳል፦ ከባድ ልብወለድ ማለት አንዱ «ይሄንንማ የግድ ማንበብ አለብህ» ብሎ ሲጠቁም፣ ሌላው «እሱንማ ጀምሬው ነበር» ብሎ የሚመልስበት መጽሐፍ ነው።

ብያኔው የገጽ ብዛትን ከግምት አያስገባም። ምክንያቱም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነበር፤ ከባድ ግን አልተባለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላማ አንድ ገጽ ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ለጉዱ ካሣ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ብያኔው ክልከላንም አይመለከትም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ሰው በጋዜጣ እየጠቀለለ ተዋውሶ፣ በር ዘግቶ ጨረሰው። እንግዲህ መንግሥት ያገደውን መጽሐፍ አገር ሁሉ ጨርሶታል፤ ማንም ሳያግደው በየመደብሩ የተደረደረው ነው እስከ ዛሬ «እየተነበበ ያለው»። የንባብ ባህልን ለማዳበር ለሚደክሙ አካላት ሁሉ ይህን ግኝት ያለ ክፍያ አበርክተናል።

ለምርምሩ የተመረጡት ናሙናዎች ብዙ አይደሉም። አንደኛው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዳስከበረና እንዳስፈራ አለ። ታሪኩ ከጀርባ ሆኖ «ልጄ፣ በዚህ በኩል ና» የሚል ተራኪ የለውም፤ ሰዎቹ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ትረካው ይቆራረጣል፣ ማን ምን እንዳለ አንባቢ ራሱ ይለይ ተብሎ ተትቷል። ሁለተኛው ናሙና መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው፤ አዳም ረታ። «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ ስሙን ጠርቶ ትንሽ ዝም ማለት በአዲስ አበባ ካፌዎች እንደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይቆጠራል። ደራሲው የራሱን የአጻጻፍ መንገድ «ሕፅናዊነት» ብሎ ሰይሞ፣ ምሳሌውንም ከእንጀራ አምጥቶ አስረድቷል፤ የእንጀራ ዓይኖች ለየብቻ የሚታዩ፣ ከሥር ግን የተያያዙ እንደሆኑ ሁሉ ታሪኮቹም እንዲሁ ናቸው። በጥናቱ የተካተቱት ሰዎች ሁሉ ሕፅናዊነትን ማብራራት ይችላሉ። ሁሉም እንጀራው ላይ ይጀምሩና እዚያው እንጀራው ላይ ያቆማሉ። እንጀራ በቀን ሦስቴ የሚበላ ሕዝብ ነገሩ ሳይዋጥለት መቅረቱ ለብቻው ጥናት ይፈልጋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጥቆማ ሁለት ወገኖች አሉት፤ ጠቋሚና ተጠቋሚ። ቦታው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ካፌ፣ ሰዓቱ ከሥራ በኋላ ይሁን።

«አደፍርስን አንብበኸዋል አይደል?»

«እ… ድሮ።»

«እንግዲያው ድገመው። እሱ ሰውዬ ሁለተኛ ጊዜ ነው የሚገባህ።»

«እኔም ልደግመው እያሰብኩ ነበር እኮ።»

«ቋንቋው!»

«ቋንቋውማ!»

ውይይቱ በዚሁ ተጠናቀቀ። ላይ ላዩን ያየ ሰው ምንም አልተባለም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ቃል ሥራ ሠርታለች። «ድሮ» ምስክር የማይገኝበት ዘመን ነው። ተማሪ እያለ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከአንድ አሁን አሜሪካ ካለ ልጅ ተውሶ። «ሁለተኛ ጊዜ ነው የሚገባህ» የሚለው ደግሞ የዘርፉ ታላቅ ግኝት ነው፤ የመጀመሪያው ጊዜ መኖሩን ማንም ሳያጣራ ሁለቱንም በአንድ ላይ ነጻ ያወጣል። ያልገባው አያፍርም፣ ያላነበበው አይጋለጥም። «ቋንቋው!» ሲባል ዓይን ጨፈን፣ ራስ ወዝወዝ ይደረጋል፤ ቋንቋው ምን እንደሆነ፣ ያማረ ይሁን የከበደ፣ አይነገርም። ተጠቋሚው «ማ» ጨምሮበት ሲመልስ ስምምነቱ ይጸናል። ሌላ የተለመደ ምክርም አለ፦ «እስከ መቶኛው ገጽ ታገስ፤ ከዚያ በኋላ ይነሳል።» ይህን የሚሉትን ሰዎች ከመቶኛው ገጽ በኋላ ምን እንደሚነሳ ጠይቀናቸው፣ «እሱን ስትደርስበት ታየዋለህ» የሚል አንድ ወጥ መልስ አግኝተናል።

ቃለ መጠይቅ ግን ያሳስታል። ሰው ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ደመወዙና ስላነበባቸው መጻሕፍት ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ተመራማሪ ገና ጀማሪ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ወደ ቁሳዊ ማስረጃ ዞሯል፤ ወደ አሮጌ መጻሕፍት። በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ዘንድ አንድ ያገለገለ ከባድ ልብወለድ አንስቶ ከማንበብ ይልቅ ከጎን መመልከት ነው። ዘዴውን «የጠርዝ ምርመራ» ብለነዋል። ቅጠሎቹ ሲዘጉ ጠርዛቸው ላይ የጣት ወዝ ይታያል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሩቡ ገደማ ጠርዙ ቡናማ ነው፤ ላብ፣ ቡና፣ የታክሲ አቧራ፣ የሰው ልጅ ቀና ምኞት። ከዚያ ወዝ ያለው ክፍል ቀጥ ባለ መስመር ይቆማል። ከመስመሩ ወዲያ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ቅጠሎች ገና እንደተጣበቁ ናቸው፣ ማንም አላላቀቃቸውም። የሚገርመው መጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች እንደገና ወዛም መሆናቸው ነው። አንባቢው መሀሉን ዘልሎ «ለመሆኑ በምን አለቀ?» ለማለት ሄዷል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ያረጀው ደግሞ የጀርባ ሽፋኑ፣ የሌሎች ሰዎች አስተያየት የታተመበት ገጽ ነው። ለውይይት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ስለሚገኝ ይህ አያስደንቅም።

ወዙ በሚያልቅበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተሰክቶ ይገኛል። የወጣበት ቀን ያለፈ የሎተሪ ትኬት። የባንክ ተራ መጠበቂያ ቁጥር፤ ሰውዬው ተራው ደርሶት የተነሳ ይመስላል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ልብወለዱ ሳይመለስ ቀርቷል። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ይገኛል፦ «ለውድ ጓደኛዬ፣ ይህ መጽሐፍ የእኔን ሕይወት እንደለወጠ ያንተንም እንደሚለውጥ አልጠራጠርም።» መጽሐፉ አዲስ ነው፣ የሚገኘውም አስፋልት ዳር ነው። የጓደኛው ሕይወት ቢያንስ በሽያጩ ዋጋ ያህል ተለውጧል።

በነገራችን ላይ የመስኩ እውነተኛ ሊቃውንት እነዚህ ሻጮች ናቸው። ከባድ መጽሐፍ አንስቶ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ልምድ ያለው ሻጭ ፊቱን አየት ያደርግና በትሕትና ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ለንባብ ነው ወይስ ለስጦታ?» ለስጦታ ከሆነ ንጹሑን ያወጣል። ለንባብ ከሆነ ወዛሙን ይሰጠዋል፣ ቢያንስ እስከ የት መድረስ እንደሚቻል ምልክት አለበት። ከእጃቸው የወጣ ከባድ ልብወለድ ዞሮ ዞሮ ወደ እነሱ ይመለሳል፤ አንዱን ቅጂ ደጋግሞ የሸጠ ሻጭ ከደራሲው የተሻለ ቢጠቀም የሕግ ክፍተት እንጂ የእሱ ጥፋት አይደለም።

የነገሩ ሥር ሲቆፈር ወደ ቅኔ ማኅሌት ይወርዳል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ሲቀርብ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። የገባው ይላል፤ ያልገባውም ይላል። እንዲያውም ወርቁን ያገኘው መሪጌታ ገና በልቡ እያጣጣመ ሳለ፣ ሰሙ ራሱ ያልደረሰው ከወደ ኋላ ቀድሞ «ይበል!» ይላል። ይህን የጥንት ልማድ ዛሬ «ሰውዬው እኮ ሌላ ነው!» በሚል ወርሰነዋል። አንድ ነገር ግን ሳንወርስ ቀርተናል። ቅኔ ቤት ውስጥ ከ«ይበል» በኋላ «እስቲ ፍታው» የሚል መምህር ነበር። ተማሪው ይነሳል፣ ይፈታል፣ ከተሳሳተ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፣ ነገ ደግሞ ይመጣል። ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና እንኳ መምህሩ ሳያስፈታ አያልፍም። ለዘጠና ገጽ «ይበል» ብሎ «እስቲ ፍታው» የሚለው ሰው የሌለበት ዘመን ይህ የእኛው ነው፤ ይህን ስንል ከተመራማሪ የሚጠበቀውን ገለልተኝነት ለጊዜው ጥሰናል።

«እስቲ ፍታው» የሚባልበት ቦታ ይሆናል ተብሎ የሚታሰበው የመጽሐፍ ውይይት ነው፤ ለምሳሌ እሁድ ከሰዓት በወመዘክር አዳራሽ የሚደረገው ዓይነት። የመነሻ ሐሳብ አቅራቢው ብዙ ጊዜ በእውነት አንብቧል፤ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ተሰምሯል፣ ገጾቹ በቁራጭ ወረቀት ታጭቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ማይክራፎኑ ወደ ታዳሚው ሲወርድ ነው። እዚህ ላይ ጥናቱ አንድ ጽኑ ሕግ አግኝቷል፦ የንግግር ርዝመት ከተነበበው ገጽ ብዛት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ጨርሶ ያነበበችው ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ረድፍ፣ ተነስታ «ገጽ ይሄ ላይ ያለው ሰውዬ ቀደም ብሎ የመጣው ነው ወይ?» ብላ ትቀመጣለች። ጥያቄዋ ሳይመለስ ማይክራፎኑ «መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም፤ ነገር ግን» ለሚሉት ጋሼ ይደርሳል። ጋሼ ከሥነ ጽሑፍ ይነሳሉ፣ በትምህርት ፖሊሲ አድርገው በወጣቱ ሥነ ምግባር ያርፋሉ። መድረክ መሪው ሰዓቱን ያያል፣ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ ጊዜ ስለሌለን» ይላል። ጋሼ «ላጠቃልል ነው» ይላሉ። ማጠቃለያው ሌላ መግቢያ አለው።

ቀጥሎ የሚነሳው ንጽጽር ነው። «ይሄ እንግዲህ ከጆይስ ዩሊሲስ ጋር የሚወዳደር ነው» ይባላል። በ1922 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመው ዩሊሲስ ደብሊን ውስጥ የአንድ ቀን ታሪክ የሚተርክ ሆኖ ሳለ አንባቢዎችን በዓመታት የሚያስለፋ መጽሐፍ ነው። አዳራሹ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ያላነበብነውን ባላነበብነው መለካት ትክክለኛነቱ አያጠያይቅም፤ የሚያስተባብል አይገኝምና።

ጥቆማው ውቅያኖስም ይሻገራል። አዳም ረታ ራሱ ኑሮውን ካናዳ ያደረገ ሲሆን፣ አንባቢው ዋሽንግተን ሆኖ መጽሐፉን «በሚመጣ ሰው» ያስልካል። የሚመጣው ሰው ሻንጣ በኪሎ የተወሰነ ነው። እናት በርበሬውን ታመዝናለች፣ ሽሮውን ታመዝናለች፣ ከዚያ የጓደኛን አደራ፣ ትራስ የሚያህለውን የአዳምን «የስንብት ቀለማት» በእጇ ታነሳና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትላለች። ልብወለድ በዚህ ምድር ላይ በእውነት የተመዘነው በዚያች ቅጽበት ብቻ ይመስለናል።

አሁን ስለ አንድ ብርቅዬ ፍጡር ሳንናገር ማለፍ አይገባም፤ ስለ ጨራሹ። ጨራሽ ማለት ጠቋሚውን አምኖ መጽሐፉን ገዝቶ፣ ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በስልኩ ብርሃን ጭምር፣ የመጨረሻው ገጽ የደረሰ ሰው ነው። ለማኅበራዊ ኑሮ አደገኛ ነው። በአንድ ካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎች ስለ «ግራጫ ቃጭሎች» ቋንቋ በሰላም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ሲወዘውዙ ይደርስና ወንበር ስቦ፣ በደስታ እንዲህ ይላል፦

«እኔ የምለው፣ የመዝገቡን መጨረሻ እንዴት አያችሁት?»

ዝም ይባላል። አንደኛው ስልኩን ያወጣል። ሁለተኛው አስተናጋጇን በዓይኑ ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ የጠረጴዛው ጠቋሚ፣ ልምድ ያለው ሰው ነውና «እሱን እንዳትነግረኝ፤ እየደጋገምኩት ነው» ይላል። ከዚያ ወደ ጨራሹ ዘንበል ብሎ፣ «ለመሆኑ እሱ ይቆየንና፣ የስንብት ቀለማትን አንብበኸዋል?»

ጨራሹ፣ በዚህ ጥናት ውስጥ ከማንም አፍ ያልሰማነውን ቃል ተናገረ።

«አላነበብኩትም።»

ጠረጴዛው ነፍስ ዘራ። «አላነበብከውም?! አላምንም!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። ወንበራቸውን አስጠጉ። አንዱ ስለ አወቃቀሩ፣ አንዱ ስለ ቀለማቱ፣ ጠቋሚው ደግሞ ስለ እንጀራው ያስረዱት ጀመር። «እስከ መቶኛው ገጽ ታገስ ብቻ» አሉት። ሁለተኛ ዙር ማኪያቶ ታዘዘ፤ ሒሳቡንም ጨራሹ ከፈለ።