ጆንያ ሆኜ በተፈጠርኩ

ባለፈው ሰሞን መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ግማሽ ቀን ዋልኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቱ ሻይ በሕምባሻ ጋብዞኛልና ይሉኝታ ይዞኛል። ስወጣ ግን ቅናት ሆዴን እየበላው ነበር። የቀናሁት በጆንያው ነው።

ኑሮውን ላውጋችሁ። ጆንያው መሬት ላይ አይተኛም፤ እርጥበት እንዳይነካው ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ተነጥፎለታል። ነፋስ እንዲያገኝ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይርቃል። የታችኛው እንዳይፈነዳ ከላዩ የሚደረደሩት ጓደኞቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። ነቀዝ ቢታይበት ባለሙያ ተጠርቶለት፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ፎስቶክሲን ይታጠናል። በመንግሥት ቤት ከሆነ ሲገባ በሞዴል 19 ይቀበሉታል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይሸኙታል፤ በግል ቤትም ቢሆን ደረሰኝና ቢን ካርድ አያጣም። ቢቀደድ ይሰፋል። ቢጎድል እስኪገኝ ይቆጠራል። ቢቃጠል ኢንሹራንስ አለው። እኔ በተከራየሁት ቤት ከዚህ ግማሹ የለኝም።

ይህን ባለማዕረግ ከተሳቢው አውርዶ እስከ አልጋው የሚያደርሰው ሰውዬ ባዶ ማዳበሪያ ጥግና ጥጉን አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቷል። ስሙን ብጠይቅ ካቦው «ቀዩ ነው የምንለው» አለኝ። የቀዩ ውል ጠዋት 12 ሰዓት በር ላይ በካቦው ጣት ይፈረማል፦ «አንተ፣ አንተ፣ አንተም ና!» ማታ ሒሳቡን ሲቀበል ይፈርሳል። በማግስቱ እንደገና ይፈረማል። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ አሠራር በየትም መሥሪያ ቤት አላየሁም፤ ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ። ሕጉ ለጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ ያዋጡ ይላል። በየማታው ጡረታ ለሚወጣ ሰው ግን ምን ተብሎ ይዋጣል?

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ባለተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል። ስምንት ሰው ሆነው ቢያራግፉት ለያንዳንዱ 50 ኩንታል፣ አምስት ቶን ይደርሰዋል። ይህ የአንዱ መኪና ነው፤ ሁለተኛው ውጭ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። መኪናው ራሱ በሚዛን አልፎ ነው የመጣው። አስፋልቱ እንዳይጎዳ በአንድ አክስል የሚያርፈው ክብደት ልክ አለው፤ ከልክ ያለፈ ይቀጣል። ለወገብ የቆመ ሚዛን ግን በመንገዱ ሁሉ አላየሁም። ወገብ አስፋልት አይደለማ! ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። አገራችን የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው፤ ምክሩን ለመስማት ጊዜ አጠራት አይባልም። ኩንታላችን ግን ያው 100 ኪሎ ነው። የቀረው 45 ኪሎ ምርቃት መሆኑ ነው።

ሸክም ለዚህች ከተማ እንግዳ ሆኖ አይደለም። መቀሌ የጭነት ከተማ ናት። ከአፋር ዝቅታ አሞሌ ጨው ጭነው በበራህሌ በኩል ሽቅብ ሲወጡ የኖሩት ግመሎች ገበያዋን አቋቁመዋል። ግመል ግን ተንበርክኮ ነው የሚጫነው። ከከበደው ያጓራል፣ አልነሣም ይላል፤ ባለቤቱም እየተራገመም ቢሆን አንድ ሁለት አሞሌ ያነሣለታል። ቀዩ ቆሞ ይጫናል። ቢያጓራ ደግሞ ከበሩ ውጭ ሌሎች ሃያ ቀዮች ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ሕግ የለም ልል አይደለም፤ ሞልቶ! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ሥራ ከስምንት ሰዓት፣ የሳምንቱ ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል። ትርፍ ሰዓት ቢያንስ በአንድ ተኩል፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈል ይላል። ይህን ለካቦው አነበብኩለት። በጥሞና ሰማኝና «ሓወይ፣ እኛ በሰዓት አንከፍልም፣ በኩንታል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰዓት ከሌለ ትርፍ ሰዓት ከየት ይመጣል? አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድም ይቋቋማል ብሏል። ስንዴው እንኳ ቦርድ አልጠበቀም፤ ዋጋው በየገበያው ቀን ይከለሳል።

ደግሞ ምንም አልተደረገም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ስልጠና ተሰጥቷል። እኔው ራሴ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተገኝቼ የመጋዘን ሠራተኞችን የሥራ ሕይወት ጥራት ስለማሻሻል ሁለት ቀን ተምሬያለሁ፤ ውሎ አበሌንም ፈርሜ ወስጃለሁ። የንብረት ክፍሉ፣ የፋይናንሱ፣ የሰው ሀብቱ ኃላፊ፣ ሁሉም ነበሩ። ጫኝና አውራጆቹ ያልተጠሩት ሥራ እንዳይፈቱ ታስቦላቸው ነው። አሠልጣኙ «ጉልበት ይታጠፍ፣ ወገብ ቀጥ ይበል» እያለ አንድ ካርቶን ከመሬት አነሣ። ባዶ ካርቶን ነበር። አጨበጨብን። ከዚያ ቡና ወጣን።

የስልጠናውን ፍሬ መጋዘኑ ውስጥ በዓይኔ አየሁት። ስለ ደኅንነት የሚናገር ባለቀለም ፖስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ። ፊት ለፊቱ እህል ስለተከመረበት አሁን የሚያነበው ጆንያው ብቻ ነው። የእጅ ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ተገዝቷል። ወዴት እንዳለ ስጠይቅ መጋዘን ጠባቂው ኩራት ባልተለየው ድምፅ ቁም ሣጥን ከፈተልኝ፤ አንድም ሳይጎድል፣ ከነላስቲኩ። ወጪ ለማድረግ የቋሚ ሠራተኛ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ቀዩ ደግሞ ቋሚ አይደለም። ስለዚህ ጓንቱም እንደ ስንዴው ክብሩ ተጠብቆ ተቀምጧል፣ ቀዩም ጥርሱ ድረስ አቧራ ለብሶ ይሸከማል።

በሩ አጠገብ የሌሊት ዘበኛውን አገኘኋቸው። ካፖርታቸውን አንጥፈው የሚተኙት ከታጠነው ክምር አራት እርምጃ ላይ ነው። «አቦይ፣ ይህ መርዝ አይጎዳዎትም?» አልኳቸው። «ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው ልጄ፣ ለጉንፋን ይበጃል» አሉኝ። ለነቀዙ ሲባል በሸራው ላይ የራስ ቅል ያለበት ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። ለአቦይ ግን የነገራቸው የለም።

የመቀሌ ሰው በጆንያ አይቀልድም፤ በጦርነቱና በመንገድ መዘጋቱ ዘመን ጆንያ ማለት ነፍስ ማለት እንደነበረ ያውቃል። በ2015 የእርዳታ እህል ለሌላ ውሏል ተብሎ እደላው ለወራት ሲቆም፣ ጆንያው የት እንደገባ ለማወቅ ከባሕር ማዶ ድረስ ምርመራ ተከፍቷል። ይገባዋል፤ የተራበ ሰው እህል ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያን ጆንያ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና የተሸከመው ወገብ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ኮሚቴ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ስለዚህ ከስልጠናም ከፖስተርም የሚቀልል ነገር ላቅርብ። ሠራተኛው እንደ ጆንያ ይቆጠርልን። ሌላ መብት አንጠይቅም። ሲገባ በስሙ ተፈርሞ ይግባ፣ ሲወጣ ደኅና መውጣቱ ተረጋግጦ ይፈረምለት። ከሲሚንቶ ወለሉ ከፍ ያለ መቀመጫና ነፋስ የሚያገባ መስኮት ይሰጠው። ከላዩ የሚጫንበት ይወሰንለት። ቢቀደድ ይሰፋ። ቢጎድል እንደ ስንዴው ይፈለግ። ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ቅጹ ታትሟል፣ ርብራቡም አለ።

ይህም በዛ የምትሉ ባለመጋዘኖች ካላችሁ፣ አንዱን ብቻ እሺ በሉኝ፤ የ100 ኪሎውን ጆንያ ለሁለት ክፈሉት። መርፌና ሲባጎ እኔ አመጣለሁ።