ቀን የተጻፈበት ጀሶ

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው፣ 6.0 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ኮንዶሚኒየማችንን ወዘወዘው። የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ ቴሌቪዥናቸውን ታቅፈው ወረዱ። ልጁን ያወረደችው ሚስታቸው ናት። ሁላችንም ሮጠን ወጣንና ሄደን የቆምነው እዚያው ሕንፃው ሥር ነው፤ ቢወድቅ ፈልጎ እንዳይደክም።

በማግስቱ ደረጃው ጋ፣ ከኮለኑ ወደ ግድግዳው ሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ተገኘ። ሳይት ላይ የሚውለውን የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ቀለሙን በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አየው።

«ልስኑ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበኝ። ብሎኬቱም ቢሆን እሺ፣ ፎቁን የተሸከመው እሱ አይደለም። ኮለኑ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው።»

እስከዚያው ብሎ ጀሶ በጠበጠ፤ ስንጥቁን አሻግሮ ለጠፈበትና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። «ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተላወሰ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ እየው። ስፋቱ እንዲታወቅም አጠገቡ ሳንቲም ይዘህ ፎቶ አንሳው» አለኝ። የስንጥቁንም ጫፍ ምልክት አደረገበት፣ ከዚያ ካለፈ እያደገ ነው ማለት ነውና። (እኔ ጀሶ የማውቀው ለመሸፈኛ ነው፤ ለምስክርነት ሲጠራ አይቼ አላውቅም።)

ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲስ ይምጣ ስንል ኮሚቴው በጀት የለም አለ። ቤታቸውን ሊሸጡ ያሰቡት የአንደኛ ፎቋ እትዬ ግን ተነስተው «ደላላ ሳያየው ይቀባ እንጂ!» አሉ። የቀለም መዋጮ በሁለት ቀን ሞላ። እኔም ከፍያለሁ፤ ጎረቤት ፊት እንዴት እምቢ ይባላል?

በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቀቢው ጨርሶ ብሩሹን እያጠበ ነው። ጀሶው፣ ቀኑ፣ የእርሳሱ ምልክት፣ ስንጥቁ፣ ሁሉም ክሬም ሆኗል። ጀሶው ተሰንጥቆ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የቱ ጀሶ?» አለኝ።

ፎቶ ፍለጋ ስልኬን ከፈትኩ። የስንጥቁ አንድም የለም፤ ያን ሌሊት ጋቢ ተከናንበን የተነሳነው ግን አሥራ አራት አለ። ኮሚቴው በር ላይ በለጠፈው ሒሳብ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ጥገና፣ ሁለት ባልዲ ቀለም። ተጠናቋል።»