በሦስት ሳምንት ስፓኒሽ

ቦርሳ አዝለው አገር ላገር ካልዞሩ ቋንቋ አይለመድም የሚሉ የፈረንጅ ወጣቶችን ጥበብ ማየት የፈለገ፣ አንቲጓ ጓቲማላ ብቅ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪያፈርሳት ድረስ የስፔን ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ በየግቢው ግሥ ይረባባታል። አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ረፋዱን ሙሉ ያስተምራል። መምህራኑ፣ እውነት ለመናገር፣ ትዕግሥታቸው የጻድቅ ነው። ተማሪው ግን ከሰዓት በኋላ ሆስቴሉ ይገባና ከሆላንዱና ከአውስትራሊያው ጓደኛው ጋር ስፓኒሽ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ያመሻል።

ቀጥሎ ወደ አቲትላን ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሕዝብ ጋር ሊነጋገር! የሽመናዋን አንድ ጫፍ ግንድ ላይ፣ ሌላውን በጠፍር ወገቧ ላይ አስራ የምትሠራ እናት ያገኝና ያለፈውን ጊዜ ግሥ ይለማመድባታል። እሷ ከልጆቿ ጋር የምታወራው በጹቱሂል ነው። ጹቱሂል ጓቲማላ ውስጥ ካሉት 22 የማያ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ስፓኒሽ ለእሷም የገበያና የቢሮ ቋንቋ ነው። ሁለቱም በሰው ቋንቋ ይንተባተባሉ፤ እሱ ግን ማታ «ከአገሬው ጋር ልብ ለልብ ተግባባን» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ድረስ ከሄደ ጹቱሂል ቢማርስ? አይ እናንተ! የሥራ ማመልከቻ ላይ ምን ይረባዋል?

ቁጥር በደንብ የሚገባው ታዲያ እዚሁ ነው። ሴትዮዋ ወር ሙሉ የሸመነችውን ሻርፕ ዋጋ ስትነግረው፣ የ5 ኬትሳል ቅናሽ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ይሟገታል። 5 ኬትሳል አንድ ዶላር አይሞላም። ግን ነገሩ የገንዘብ አይደለም፣ የመርሕ ነው፤ መርሑም ማታ ቢራ ሲከፍል ይረሳል።

ከዚያ በኋላ አገር መቁጠር ነው። ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረሙት ስምምነት መሠረት ለእንግዳ የሚሰጡት 90 ቀን የአራቱም የጋራ ነው። 90 ቀን ለአራት አገር ባህል! ይበቃል እንጂ፤ ኒካራጓ ደርሶ ሴሮ ኔግሮ የሚባለውን እሳተ ገሞራ በጣውላ ተንሸራቶ ለመውረድ እንኳ ጊዜ ይተርፋል። በመንገዱ ሁሉ የሚሳፈረው አሜሪካኖች ለተማሪ ማመላለሻ ተገልግለው በሸጡት፣ ቀለሙ በታደሰ አውቶቡስ ነው። የፈረንጅ አገር አሮጌ አውቶቡስ ተሳፍሮ «እንደ አገሬው ተጓዝኩ» ይላል።

የኮስታሪካ ድንበር ላይ ከወዲያ የሚመጡ ሌሎች ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች ያጋጥሙታል። ከመካከላቸው ሐበሾች አሉ፤ ብራዚል ድረስ በአውሮፕላን መጥተው፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳርየን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው፣ ስፓኒሹን ያለ መምህር የለመዱ። ያቋረጡት አገር ከእሱ ይበልጣል፤ የገመድ አልጋ ላይ ተኝተው ራሳቸውን ስለማግኘታቸው ግን የጻፉት ነገር የለም። ቋንቋውም ቶሎ ገብቷቸዋል፤ ዋጋ በትክክል ያልሰማ ደላላ ይበላዋላ።

የድንበሩ መኮንን የፈረንጁን ፓስፖርት ሽፋን አይቶ ፈገግ ብሎ ማህተሙን ይመታለታል። ፈረንጁም «ስፓኒሼ ሠራልኝ» ብሎ ይደሰታል። ከእሱ አጥርቶ የሚናገረው ሐበሻ ግን «ወደ ጎን ቁም» ተብሏል። መቼም የአነጋገር ዘዬው ሳይሆን አይቀርም፤ አንቲጓ ሄዶ ሦስት ሳምንት ቢማር ይስተካከልለታል።