ድርሳነ ጉዞ፤ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ብዙ ከተማ ለማየት ስለሚጻፍ ዕቅድ

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም እንግዳና መጻተኛ መሆኑን አበው አስቀድመው አስተምረውናል፤ ነገር ግን ይኸው መጻተኛ የዓመት ዕረፍቱን ከአለቃው አስፈርሞ በወሰደ ማግስት፣ ጨንቻን፣ ኮንሶን፣ ጂንካንና ወላይታ ሶዶን በአንድ ሳምንት አዳርሶ በመጨረሻው በአይሮፕላን አዲስ አበባ ለመግባት ደብተር ዘርግቶ ሠንጠረዥ ሲያሰምር የሚያመሽበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ ከሊቃውንቱም ከመናኸሪያ ሰዎችም ወገን በሥርዐት የመረመረው አልተገኘም። ይህች አነስተኛ ድርሳን የተጻፈችው ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ምርምሩ ከአርባ ምንጭ እንዲነሣ የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ ሲቀላና ሼቻ ተብላ ለሁለት የተከፈለች፣ ገበያዋ ከታች፣ ዐባያንና ጫሞን ከነእግዜር ድልድይ አሻግሮ የሚያሳየው ሰገነቷ ከላይ ሆኖ በመካከላቸው አቀበት የተዘረጋባት ስለ ሆነች፣ ነዋሪዋ ጉዳዩን ፈጽሞ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ሳያስበው ሁለት ከተማ አዳርሶ ይውላል። ከዚህም በላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የመንግሥቱ መቀመጫዎች በአንድ ስፍራ እንዳይወሰኑ ተብሎ ለወላይታ ሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለጂንካና ለሌሎችም ስለ ተከፋፈሉ፣ ዕረፍት ያልወጣው ሠራተኛ እንኳ ብዙ ከተሞችን የሚዞር መንገደኛ ሆኖአል። በእርሱና በሽርሽር በወጣው መካከል ያለው ልዩነት የውሎ አበሉ ብቻ ነው።

መጓጓዣዎች እንደየባሕርያቸው በአራት ክፍል ይከፈላሉ። ፊተኛው አይሮፕላን ሲሆን፣ አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገበት ጊዜ አንሥቶ ወንበሩ ሳይሞላም ስለሚነሣ፣ ይህ ጠባዩ በመናኸሪያ ሰዎች ዘንድ ትዕግሥት እንደ ማጣት ይቈጠርበታል። ሁለተኛው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው፤ እርሱ ጎሕ ሳይቀድ ሕዝቡን ሰብስቦ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የአዲስ አበባን መንገድ ይያያዘዋል። ሦስተኛው ሚኒባስ ነው፤ ሥርዐቱ ጥልቅ ስለ ሆነ ለብቻው ይተረጐማል። አራተኛው ባቡር ሲሆን፣ በጋሞ ምድር የሚታወቀው በዜና ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ፤ ሁለቱም ግን እንደ ቤተ መቅደስ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ወደ ጅቡቲ ተዘረጉ እንጂ ወደ ደቡብ ዞር አላሉም። በዚህ ስሌት ቀጣዩ ተራ የሚደርሰው በ2109 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የአሁኑ ዐቃጅ ዕረፍቱን እስከዚያ ባያቈየው ይመከራል።

ወደ ሚኒባሱ ሥርዐት ስንመለስ፣ ሚኒባስ የሚነሣው በሰዓት አይደለም፤ በምልአት ነው። ስለ ምን ቢሉ፦ አንድም ባዶ ወንበር ለነዳጅ አይከፍልምና፤ አንድም ሰው ብቻውን ረጅም መንገድ ሊሄድ አይገባውምና፤ አንድም ከሞላ በኋላ ለትርፍ ሰው የሚሆን ቦታ ለመፈለግ ፋታ ይገኝ ዘንድ። እንግዲህ ዐቃጁ በሠንጠረዡ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወደ ጨንቻ» ብሎ በቀይ ቀለም ያሰመረበት ቃል የሚፈጸመው በእርሱ ፈቃድ ሳይሆን፣ ስሙንም መልኩንም በማያውቀው፣ በዚያች ሰዓት ገና ከቤቱ በረካውን በመጠባበቅ ላይ ባለው በመጨረሻው ተሳፋሪ ፈቃድ ነው፤ በእውነት የጉዞው ዐቃጅ እርሱ ነው። ለንግድ ወደ ደቡብ ቻይና የሚመላለሱ ወገኖቻችን እንደሚተርኩት፣ ከጓንግዡ ወደ ጉዪሊን የሚሄደው ፈጣን ባቡር ደቂቃዋ ከደረሰች፣ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ቢያይ እንኳ በሩን ዘግቶ ይነሣል፤ በሦስት ሰዓት ያህልም ይደርሳል። በዚያ ሰው ደቂቃን ይጠብቃል፤ በዚህ መኪና ሰውን ይጠብቃል። የትኛው ሥልጣኔ እንደ ሆነ ለመፍረድ ይህ ጥናት አቅም የለውም።

ሰዓትን በሚመለከት ግን ከባድ ጭቅጭቅ አለ። ትኬት ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት፣ ያገር ሰው ደግሞ ከንጋት ስለሚቈጥሩ፣ በትኬቱ ላይ 07:00 የሚል ያነበበው መንገደኛ ከምሳ ሰዓት በኋላ መስሎት፣ ቁርሱን በልቶ ዘመዶቹን ሁሉ ተሰናብቶ በ5 ሰዓት ጣቢያ ሲደርስና «ቀድሜ መጣሁ» እያለ ራሱን ሲያመሰግን፣ አይሮፕላኑ ከነጋ በ1 ሰዓት ተነሥቶ ቦሌ ካረፈ ቈይቶአል። በአንጻሩ ረዳቱ «11 ሰዓት» ያለውን በእጅ ሰዓቱ የተረጐመ ፈረንጅ ረፋዱ ላይ ሻንጣውን እየጐተተ መናኸሪያ ሲገባ፣ አውቶቡሱ ሶዶን አልፎአል። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዘገዩም።

የገበያ ቀንም ሊዘነጋ አይገባውም፤ መንገደኛው ሊያየው የመጣው ከሞላ ጐደል ገበያ ነውና። ዶርዜና ቀይ አፈር በሐሙስ ይገበያያሉ፤ ጨንቻ፣ ጂንካና ዲመካ ደግሞ በቅዳሜ። ዐቃጁ በአንድ ቅዳሜ ሦስቱንም ለማየት ሲሞክር ከትራንስፖርት ችግር ይልቅ ከነገረ መለኮት ጋር ይጋጫል፤ ምሉእ በኵለሄ መሆን ለመላእክት እንኳ ያልተሰጠ፣ የፈጣሪ ብቻ የሆነ ባሕርይ ነውና። በዚህ ላይ አርባ ምንጭ ማንጎና ሙዝ ሲያበስል፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ያለችው ጨንቻ እንሰትና ብርድ ስለምታበቅል፣ ሙቀቱን ፈርቶ በስስ ሸሚዝ የወጣው ሰው ከዝሆን መሰሉ የዶርዜ ቀርከሃ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ጋቢ ይገዛል፤ ይህም የሸማኔዎቹን ጥበብ ለማድነቅ ያደረገው መሆኑን ለወዳጆቹ ያስረዳል።

የመጨረሻው ሕግ የዘመድ ሕግ ነው። ሶዶ አክስት ያለው ሰው በሶዶ ላይ ሳይወርድ ቢያልፍ፣ መኪናው አርባ ምንጭ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል፤ ቢወርድም «ሳትበላማ አትሄድም» ተብሎ የሚውለው ውሎ በሠንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። መስከረም ላይ ደግሞ ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት የጋሞ ልጆች ለመስቀል ወደ አገራቸው ስለሚጐርፉ፣ ቍልቍል የሚመጣው መኪና አስቀድሞ ይሞላል፤ ሽቅብ የሚሄደው ግን ተሳፋሪ ስለማያገኝ፣ በምልአት ሕግ መሠረት፣ እዚያው ቆሞ ያከብራል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው። ዕቅድ አስቀድሞ ሲጻፍ በመጨረሻው ተሳፋሪ፣ በአክስትና በገበያ ቀን መሻሩ ስለማይቀር፣ ዐቃጁ ባዶ ሠንጠረዥ ይዞ ይውጣ፤ ያደረበትንና የዋለበትን ሁሉ ከተመለሰ በኋላ ያስፍርበት። እንዲህ የተዘጋጀ ዕቅድ በቀንም በሰዓትም በወጪም ከአፈጻጸሙ ጋር መቶ በመቶ ይስማማል። ጥበቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቶቻችን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከጥንት ጀምሮ የሚዘጋጀው በዚሁ ሥርዐት ነው።